ማሲንቆ መቺው ወዴት ይገኛል?



ባለፈው ጥር ወር በሠርግ ሰሞን አንድ አጭር ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ጋቢ የደረበ ሰው በዳስ ውስጥ ቆሞ ማሲንቆውን እየመታ በመጀመሪያ ሙሽራውን፣ ቀጥሎ ሚዜዎቹን፣ በመጨረሻም ጠላ ቀጂዎቹን ሳይቀር በግጥም ሲነካካ፣ ሰዉም በሣቅ ሲንከተከት ይታያል። ቪዲዮው የተነሣው እዚሁ በኛ በቁይ አጠገብ ነው። ያነሣው ሰው ስም ከላይ በጉልህ ተጽፏል። ከሥሩም «ይህ ሰው ማን ነው? ወዴት ይገኛል? ለእኅቴ ሠርግ ፈልጌው ነበር» የሚል ጥያቄ ከአዲስ አበባም፣ ከውጭ አገርም ተደርድሯል። መልስ የሰጠ ግን አንድም አልነበረም።

ማሲንቆ መቺው የእናቴ ወንድም ነው። እኔ «አያ» እያልሁ እጠራዋለሁ። ቪዲዮውን ባሳየሁት ጊዜ እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ተመለከተ። ከዚያም ጥያቄዎቹን አንብብልኝ አለኝ። አንብቤ ስጨርስ «አንተ ልጅ፣ እነዚህ ሰዎች አሁን ቢደወልላቸው ይደርሳል?» ብሎ ጠየቀኝ። አልደረሰም፤ የጥር ሠርግ አልፎ ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር።

እንግዲህ የዛሬው አሳቤ ስለዚህ ነገር ነው። በቲክቶክም ሆነ በሌላው ቦታ «ሊንኩ ባዮ ላይ አለ» ሲባል የማይሰማ ተማሪ የለም። ባዮ ማለት ባለገጹ ስለ ራሱ አንድ ሁለት መስመር የሚጽፍበት ቦታ ነው። በዚያ ቦታ የሚለጠፈው ሊንክ ሲነካ ወደ አንዲት ትንሽ ገጽ ይወስዳል፤ በዚያች ገጽ ላይ የሰውዬው ሥራና መገኛው ይጻፋል። ይህም የመጣው ኢንስታግራም ለብዙ ዘመን ለአንድ ሰው ከአንድ ሊንክ በላይ አይፈቅድ ስለ ነበረ ነው። ሊንክትሪ የሚባለውን፣ ትርጉሙም የሊንክ ዛፍ የሆነውን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2016 በአውስትራልያ በሜልቦርን ከተማ የመሠረቱት ሰዎች ቀድሞ ለሙዚቀኞችና ለሙዚቃ በዓላት ማስታወቂያ ይሠሩ የነበሩ ናቸው። ስለዚህ ነገሩ ከመነሻው የሙዚቀኛ ችግር ነበረ ማለት ይቻላል።

እኔ ግን ነገሩ ከዚያም ይቀድማል እላለሁ። አቶ አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ ሬከርድስን አቋቁመው የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ በሕንድ አገር አሳትመው ባመጡ ጊዜ፣ ሸክላ የማሳተሙ መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። በግል ደፍረው ገቡበት፤ ከመቶ በላይ ሸክላም አወጡ። በሸክላው መካከል ላይ ባለችው ክብ ወረቀት የዘፋኙ ስም ታትሞ ይገኛል። ሸክላ አልፎ ካሴት ሲመጣም ካሴቱ ሽፋን ነበረው፤ በሽፋኑም ላይ የዘፋኙ ስምና ፎቶግራፍ፣ ብዙ ጊዜም የሙዚቃ ቤቱ ስልክ ቁጥር ይጻፍበት ነበር። ዛሬ ይህን ሁሉ የተካው ቪዲዮ ከሁለቱም ይልቅ ርቆ ይሄዳል፤ ሽፋኑን ግን ወዴት እንደ ጣለው አይታወቅም።

የሽፋንን ጥቅም የሚያስረዳ አንድ እውነተኛ ታሪክ ላንሣ። አቶ ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዘው በዚያው ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮናቸውንና የኤሌክትሪክ ፒያኖ ይዘው ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀረጹ። ከዚያ በኋላ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ ይኖሩ ጀመር፤ ኪቦርዳቸውን በመኪናው የኋላ ሻንጣ አኑረው በአውሮፕላን ማረፊያ ተራ እስኪደርሳቸው ድረስ ይለማመዱ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ብራያን ሺምኮዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ ያንን ካሴት ወዴት ቢያገኘው ጥሩ ነው? በባሕር ዳር! በሽፋኑ ላይ ያለውን ስም በኢንተርኔት ፈልጎ ስልክ ቁጥራቸውን አገኘና ደወለላቸው። ካሴቱም እ.ኤ.አ. በ2013 እንደ ገና ታተመ። አቶ ኃይሉ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጡ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሙዚቃው ሁልጊዜም ነበረ፤ በሩን የከፈቱት ግን አንድ ስምና አንድ ስልክ ቁጥር ናቸው። ካሴቱ ስም ባይኖረው ኖሮ ሰውየው ማንን ይፈልግ ነበር?

ይህን ካሰብሁ በኋላ በጾሙ ወራት ከትምህርት ቤት መልስ እየተቀመጥሁ ለአያ አንድ ገጽ ሠራሁለት። የመጀመሪያው ገጽ፣ ሳልዋሽ ልናገር፣ መሳቂያ ነበር። ትላልቅ ዘፋኞች ያደረጉትን አይቼ ዐሥራ አንድ መጫኛ ደረደርሁበት፤ ቲክቶክ፣ ፌስቡክ፣ ዩቱብ፣ ቴሌግራም፣ ሌላም ሌላም። አያ ከነዚህ በአብዛኛው ላይ ምንም የለውም፤ ስለዚህ ባዶ ገጽ እየከፈትሁ ሰካሁበት። ስሙን በላቲን ፊደል ጻፍሁት፤ በኋላ ስመለከተው በሦስት ቦታ በሦስት ዐይነት አጻጻፍ ነበር። ፎቶግራፉም አራት ሜጋባይት ነበረ።

ይህንን ገጽ ለአምስት ጓደኞቼ ሰጥቼ በዕረፍት ሰዓት በግቢው ውስጥ እንዲከፍቱት ለመንኋቸው። ሦስቱ ፎቶግራፉ እስኪመጣ ጠብቀው ታከታቸውና ተዉት። አራተኛው ከፈተው፤ «ታዲያ የቱን ልጫን?» አለኝ። አምስተኛው ዩቱብ የሚለውን ተጫነ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ሰው ዘፈን ተሻገረና ደወል እስኪደወል ድረስ በዚያው ቀረ። ለአያ ይህን ስነግረው «ቤት ሠራህልኝ ብዬ ነበር፤ ለካ መተላለፊያ መንገድ ኖሯል» አለኝ። የሰጠኝ ትምህርት ይኸው ነው። እያንዳንዱ መጫኛ ወደ ውጭ የሚያወጣ በር ነው፤ በር በበዛ ቍጥር እንግዳው ከባለቤቱ ጋር ሳይገናኝ ይወጣል።

ሁለተኛው ገጽ እንዲህ ሆነ። ከላይ ስሙ በራሳችን ፊደል፣ ሁልጊዜም በአንድ ዐይነት አጻጻፍ። ከሥሩ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ፦ ማሲንቆ መቺ፣ ከቁይ፣ ምሥራቅ ጎጃም፤ ለሠርግ፣ ለክርስትናና ለማናቸውም ድግስ ይጠራል። ቀጥሎ ስልክ ቁጥሩ፤ ሲነኩት ወዲያው የሚደውል ሆኖ። ቀጥሎ አንድ ዘፈን፤ ሁለት አይደለም፣ አንድ። ቪዲዮ በማድረግ ፈንታ አንድ ደቂቃ ድምፅ አደረግሁት፤ ግማሽ ሜጋባይት ያህል ነው የሚመዝነው። በመጨረሻ ቀብድ የሚላክበት የቴሌብር ቁጥር። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በኛ ከተማ ባለሱቁም ባለጋሪውም ይጠቀምበታል፤ ቀብዱን በእጁ ለማድረስ ከደብረ ማርቆስ ድረስ የሚመጣ ሰው አያስፈልግም። ቀብድ ያልተቀበለ ሙዚቀኛ ቀኑን ይዞ ተቀምጦ ደጋሹ ሌላ ሰው ሲጠራበት እንዴት እንደሚሆን አያን ብትጠይቁት አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራችኋል።

ስልክ ቁጥሩ ከዘፈኑ በላይ ስለ ሆነ አንድ መምህሬ ተቃወሙኝ። ሙዚቀኛ መጀመሪያ ሙዚቃው ይሰማ እንጂ ብለው ነው። አሳባቸው ላዲስ አበባ ልክ ይሆናል። እኛ ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ ያየን ሰዎች ነን። እንዲህ ባለ ጊዜ ገጹን እዚህ ያለነው አንከፍተውም፤ አዲስ አበባ ያለው ሰው ግን ይከፍተዋል። እሱም ቁጥሩን አይቶ ይደውላል፤ የድምፅ መስመር እስካለ ድረስ አያ በእርሻው ላይ ሆኖ ያነሣል። ዘፈኑንም ቢሆን በስልክ ሊያሰማው ይችላል፤ አንዳንዴም አድርጎታል። ስለዚህ ቁጥሩ ከላይ ይቀመጥ ብዬ ጸናሁ።

ይህ ሁሉ ገንዘብ አያስወጣም። የሊንክትሪ ተራው ዐይነት በነፃ ነው። እሱም አስቸጋሪ የሆነበት ሰው የቴሌግራም ቻናል ከፍቶ ስሙን፣ ቁጥሩንና አንድ ድምፁን በአንድ መልእክት ጽፎ ከላይ ቢሰካው ያው ገጽ ነው፤ ለደካማ ኔትዎርክም እሱ ሳይሻል አይቀርም። የቲክቶክ የግል ገጽ ብዙ ጊዜ ሊንክ የሚፈቅደው ተከታዩ ሺሕ ሲሞላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ስልክ ቁጥሩን በባዮው ላይ መጻፍ ይቻላል። የገጹንም አድራሻ በቃል ሊነገር የሚችል አጭር ማድረግ ይጠቅማል። እኔ በካርቶን ላይ በትልቁ ጽፌለት በማሲንቆው ከረጢት ውስጥ ይዞታል፤ በድግስ ላይ ጠያቂ ሲመጣ ካርቶኑን አውጥቶ ያሳያል።

አንድ ጥፋቴን ደግሞ ልናዘዝ። ገጹን የከፈትሁት በራሴ ኢሜይል ነበር። በፈተና ሰሞን የይለፍ ቃሉ ጠፋብኝ፤ አያ ቁጥሩን መቀየር ፈልጎ ሁለት ሳምንት ጠበቀኝ። ከዚያ በኋላ በራሱ ስልክ ቁጥር አዲስ አወጣሁለትና የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፌ ለሚስቱ ሰጠኋት። ለአጎቶቻችሁና ለጎረቤቶቻችሁ ገጽ የምትሠሩ ጓደኞቼ፣ ቁልፉ በባለቤቱ እጅ ይሁን። የምናገለግላቸው መስሎን የስማቸው ባለቤት እኛ ሆነን ከተገኘን፣ ያንን ቪዲዮ ካለ ስም ከለጠፈው ሰው በምን ተሻልን?

ስለዚያ ቪዲዮ አንሺ ስሙን ጠርቼ ልወቅሰው አልፈልግም፤ ክፉ አስቦ ያደረገው አይመስለኝም። ነገር ግን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኝ ብሎ የሚጠራው፣ ማለትም የሚጫወተው ሰው፣ በጨዋታው መቀረጽ ላይ የመፍቀድና የመከልከል መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሕጉ ባይኖርስ? በሰው ድግስ በልቶ ጠጥቶ ያጫወተውን ሰው ስም አለመጠየቅ በኛ አገር ነውር አልነበረምን? ስልካችሁን ከፍ አድርጋችሁ ከማንሣታችሁ በፊት ወደ ማሲንቆ መቺው ጠጋ ብላችሁ «ስምህን ልጻፍ? ቁጥርህንስ?» ብትሉት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ወላጆቼ ሆይ፣ እናንተ ምን እንደምትሉ ዐውቃለሁ። እናቴ ራሷ ገጹን ስሠራ አይታ «ደግሞ አንተን አዝማሪ ሊያደርጉብኝ ነው?» ብላለች፤ የገዛ ወንድሟ ማሲንቆ ሲመታ እያለቀሰች የምትሰማ ሴት ናት። በሠርጋችሁ ቀን ከሁሉ ቀድማችሁ የምትጠሩት ሰው፣ በማግስቱ ልጃችሁ እንዳይመስለው የምትፈሩት ሰው መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። አያ ግን ጤፉንም ያርሳል፣ ልጆቹንም ያስተምራል። የጎደለው አንድ ነገር ቢሆን ራቅ ካለ ሰው ጋር የሚያገናኘው ሰው ነበር፤ አገናኙም ሁልጊዜ ድርሻውን ወስዶ ነው የሚያስረክበው።

በጾሙ ወራት ማንም አልደወለም፤ እንዲያውም ድካሜ በከንቱ ቀረ ብዬ ነበር። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ግን አራት ሰዎች ደወሉ። አንዱ ከቢቸና፣ አንዱ ከደብረ ማርቆስ፣ አንዲቱ ሴት ከአዲስ አበባ። አራተኛው ሠርግም ድግስም የለው፤ የአባቱ አገር ቁይ ስለ ሆነ የአገሩን ንግግር ለመስማት ብቻ ነው የደወለው። አያ ከሱ ጋር ከሁሉም ይልቅ ረጅም ጊዜ አወራ። ሁለቱ ቀብድ ልከዋል። ፎቶግራፉን ግን አሁንም አልለጥፍም ብሏል፤ አዲስ ጋቢ እስኪገዛ ድረስ ነው አሉ። ለቀጣዩ ጥር ቀን መያዝ የምትፈልጉ በቀጥታ ለእሱ ደውሉ፤ እኔ ፈተና አለብኝ።