የእህል መንገድና ኬላ

እህል ከተመረተበት ወደ ተፈለገበት ሳይታገድ ካልደረሰ፥ ምድር ብታፈራም ጥጋቡ በአንድ ወገን፥ ችግሩ በሌላው ወገን ይቀራል።

የጎጃም ጤፍ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ የነዳጅ፥ የጎማና የሾፌር ወጪ አለበት፤ ይህ ከጉዞው የማይለይ ነው። መኪናው በየኬላው ሲቆምና ደረሰኝ የሌለው ገንዘብ ሲጠየቅ ግን ሌላ ወጪ ይጨመርበታል። ነጋዴውም ይህን ከኪሱ አይከፍለውም፤ ከገበሬው ሲገዛ ዋጋ ይቀንሳል፥ ለከተማው ሲሸጥ ይጨምራል። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጤፍ በተወደደ ጊዜ ነጋዴዎች ካማረሩባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ኬላ ነበር።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በደርግ ዘመን እህል በኬላ ይታገድ ነበር፤ በአርሲና በጎጃምም የግል የእህል ንግድ ተከልክሎ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ክልከላው ከተነሣ በኋላ፥ እህል በተረፈበትና ባነሰበት ገበያ መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት ጠበበ።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 በክልሎች መካከል የሚደረገውን ንግድ የመምራት ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። ስለዚህ የወረዳ ሹም በራሱ ፈቃድ ገመድ ዘርግቶ እህል ሊያግድ አይገባውም። የሚገባ ግብር ቢኖር በአንድ ስፍራ፥ አንድ ጊዜ፥ በደረሰኝ ይከፈል። ለጸጥታ ፍተሻ ቢያስፈልግም ፈጥኖ ይፈጸም። ካህናትም በመንገድ ላይ የሚበላው ጉቦ ከድኻው እንጀራ የተቈረሰ መሆኑን ያስተምሩ። ይህ ቢፈጸም ገበሬው የድካሙን ዋጋ ያገኛል፤ የከተማውም ድኻ እፎይ ይላል።