«አሁኑኑ ይቀጠልልን» አንበል

የአንጀት ኦፕራሲዮን በሚጠበቅበት ኮሪደር ቆማችሁ የምታውቁ ከሆነ ይህን ክርክር ሳትሰሙ አትቀሩም። ሐኪሙ ወጥቶ «የሞተውን አንጀት እንቆርጣለን፤ ጫፉን ግን ለጊዜው በሆዱ በኩል እናወጣዋለን» ይላል። ቤተሰቡ ደግሞ «ሰው እንዴት ሰገራውን በከረጢት ይዞ ይኖራል? አሁኑኑ ቀጥሉለት!» ይላል። በሽተኛውን ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለስም አለ። እኔ ከሐኪሙ ጎን ነኝ።

በአገራችን ለዚህ ከሚዳርጉ ሕመሞች አንዱ የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ ነው። አንጀቱ በራሱ ላይ ሲዞር የደም ሥሮቹም አብረው ይታነቃሉ። ሆድ ይነፋል፣ ሰገራና አየር መውጣት ያቆማል። በጊዜ የደረሰ ሰው ብዙውን ጊዜ በፊንጢጣ በሚገባ ቱቦ ይፈታለታል፤ ኦፕራሲዮኑም ተረጋግቶ ይሠራለታል። ቤት ውስጥ በማሸትና በሚያስቀምጥ መድኃኒት ሰዓቱ ካለፈ ግን አንጀቱ ይጠቁራል፣ ይሞታል።

አንጀት መቀጠል ጨርቅ እንደ መስፋት አይደለም። የአንደሉሱ ሐኪም አዝ-ዘህራዊ ከ1,000 ዓመት በፊት በጻፈው መጽሐፍ የአንጀት ቁስል በትልልቅ ጉንዳኖች መንጋጋ እንደሚያዝ ገልጿል። ጉንዳኑ ሁለቱን ከንፈሮች ሲነክስ አካሉ ይቆረጥና ጭንቅላቱ እንደ ስፌት ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1826 ደግሞ ፈረንሳዊው ሌምበር የአንጀቱ ውጫዊ ገጽ ከውጫዊው ገጽ ጋር ተገናኝቶ እንዲሰፋ አስተማረ። ዛሬ ስቴፕለርም አለ። ይሁንና ጉንዳንም ሆነ ክር ወይም ስቴፕለር ጫፎቹን አቅርቦ ከመያዝ አያልፍም፤ የሚያጣብቃቸው የበሽተኛው አካል ራሱ ነው። ለዚህም ጫፎቹ በቂ ደም ማግኘት አለባቸው፤ መወጠርም የለባቸውም። ሆዱ በመግል በተሞላ፣ የደም ግፊቱ በወረደ ወይም በምግብ እጥረት በተጎዳ ሰው ላይ የተቀጠለ አንጀት ሊያፈስ ይችላል። ያን ጊዜ ሰገራ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይረጫል፤ በሽተኛው ሌላ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ከረጢቱ ከዚህ አይሻልም?

«ሶላቱስ?» የሚለው ጥያቄ ብዙዎችን ያስጨንቃል። የፊቅህ ሊቃውንት የሚወጣውን ነገር መቆጣጠር የማይችልን ሰው እንደ ባለዑዝር ይቆጥሩታል። የሶላቱ ወቅት ከገባ በኋላ ራሱን አጽድቶ፣ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል። ዝርዝሩን የአካባቢያችሁን ኡስታዝ ጠይቁ፤ በዚህ ምክንያት ግን ማንም ሕክምና እምቢ አይበል።

አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ወራት በኋላ ሰውየው ሲያገግም አንጀቱ ተመልሶ ይቀጠላል። ያ ጊዜ ለኩሽና ትልቅ ሥራ ነው። የታመመ ሰው አጥሚት ብቻ ይበቃዋል የሚለው ልማድ አይጠቅምም። ቁስል የሚጠግነው ፕሮቲን ነው፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ከተገኘም ሥጋ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ይሰጠው። ውሃም አይጓደልበት። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ያቁም፤ ሲጋራ የደም ሥርን ያጠባል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ግን ምን እንደሚቀምስ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ በትራስ ሥር የሚደበቅ ቁራሽ አያስፈልግም።

በሐኪሞቻችንም ላይ ቅሬታ አለኝ። ከረጢቱ ጊዜያዊ ይሁን ዘላቂ ከኦፕራሲዮኑ በፊት፣ በሚገባን ቋንቋ ይነገረን። ጊዜያዊ ከሆነም የሚቀጠልበት ቀጠሮ መቼ እንደሆነ፣ ከረጢቱ ከየት እንደሚገዛና እንዴት እንደሚቀየር ከሆስፒታል ስንወጣ በወረቀት ተጽፎ ይሰጠን።