ልምሻ ጠፋ ብለን አንዘናጋ



ክረምት በገባ ቁጥር ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳችንን ያለብሱታል። ሩዛችን ከዚሁ ውሃ ይጠቀማል፤ ይሁን እንጂ ጎርፉ መጸዳጃውንም የውሃ ጉድጓዱንም አንድ አድርጎ ያልፋል። በዓይነ ምድር የሚተላለፉ በሽታዎች መንገዳቸው ይኸው ነው። ከነዚህ አንዱ ፖሊዮ፣ ማለትም የልጅነት ልምሻ ነው።

«ልምሻ ድሮ ቀረ፤ አሁን ማን ሲታመም አየን?» የሚሉ አሉ። አለማየታችን እውነት ነው፤ ያላየነው ግን በክትባቱ ምክንያት ነው። ቫይረሱ ከያዛቸው 200 ልጆች አንዱን ገደማ ሽባ ያደርጋል፤ ብዙዎቹ ምልክት ሳያሳዩ ለሌላው ያስተላልፋሉ። ሽባ ያደረገውን የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም።

አሜሪካዊው ሐኪም ጆናስ ሳልክ ከሞተ ቫይረስ የሠራው የመርፌ ክትባት መከላከሉ ለዓለም የተነገረው ሚያዝያ 4 ቀን 1947 ዓ.ም. ነው። ቀጥሎ አልበርት ሳቢን ከተዳከመ ቫይረስ በአፍ የሚሰጠውን ጠብታ ሠራ። መርፌው በደም ውስጥ መከላከያ ፈጥሮ ቫይረሱ ነርቭ ዘንድ እንዳይደርስ ያግዳል። ጠብታው ደግሞ አንጀት ላይ ዘብ ስለሚያቆም ከልጅ ወደ ልጅ መዛመቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ ነሐሴ 19 ቀን 2012 ዓ.ም. ታውጇል። ሆኖም ያልተከተቡ ልጆች በበዙበት ቦታ የጠብታው ደካማ ቫይረስ ካንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ቆይቶ ጠባዩን ሊለውጥና ሊጎዳ ይችላል። በ2011 ዓ.ም. በአገራችንም ይኸው ታይቷል። መፍትሔው ክትባቱን መሸሽ ሳይሆን አንድም ልጅ ሳይቀር ማዳረስ ነው።

የእኛ ችግር እዚህ ላይ ነው። ክትባቱ ሲወለድ፣ ከዚያም በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። ሰኔ 15 ቀን የተወለደ ልጅ ቀጠሮው ሐምሌ 27፣ ነሐሴ 25 እና መስከረም 18 ቀን ይውላል። አብዛኛው ውሃ መንገዱን የሚዘጋበት፣ እናት አረም ላይ የምትውልበት ጊዜ ነው! «ውሃው ይጉደልና እንወስደዋለን» እየተባለ ቀጠሮው ያልፋል። «አንዴ ጠጥቷል፣ ይበቃዋል» የሚባለውም ስሕተት ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ የወሰደ ልጅ ሙሉ መከላከያ አያገኝም።

በመሆኑም የምንለው ይህ ነው፦ እያንዳንዱ እድር ሰኔ ሳያልቅ ነፍሰ ጡሮችንና አራሶችን ይመዝግብ። ጠብታው ሙቀት ስለማይችል በበረዶ ሳጥን ነው የሚመጣው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን የሚያሻግር ሰው፣ ታንኳም ካስፈለገ ታንኳ፣ አስቀድሞ ይዘጋጅ። በጎርፍ ምክንያት ዘመድ ቤት የገባች እናት የልጇን ካርድ ይዛ እዚያው ባለው ጤና ኬላ ታስከትብ። ቀጠሮ ያለፈውም ልጅ ቢሆን ይወሰድ፤ ከቀረበት ይቀጥላል።

ለሩዛችን ድንበር በደቦ እንወጣ የለም ወይ? ለልጆቻችን እግርም እንውጣ!