ተያይዘው የሚሠሩ ሞኒተሮች በጨለሙ ጊዜ

ባንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለትና ሦስት ሞኒተር ደርድሮ መሥራት ዛሬ የትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ሥራ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ሒሳብ የሚይዝ፥ ጽሑፍ የሚተረጕም፥ ፎቶግራፍ የሚያስተካክል ሰው በቤቱ ሆኖ ይህንኑ ያደርጋል። ነገር ግን ከሞኒተሮቹ አንዱ በድንገት የጨለመ እንደ ሆነ የቤቱ ሰው ሁሉ ይደነግጥና «ተቃጠለ» ብሎ ይፈርድበታል፤ ከዚያ በኋላ ጤነኛው ዕቃ ተጠቅልሎ ወደ ደሴ ይላካል፥ ወይም ለልጆች ልብስና ደብተር መግዣ የተቀመጠው ገንዘብ ለአዲስ ሞኒተር ይወጣል። ስለዚህ ለእናትም ለአባትም ለልጅም በሚገባ አነጋገር ልንገልጽ የምንወደው፥ ጨለማው የታየበት ቦታና ጥፋቱ ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አለመሆኑን ነው።

ነገሩ በመንገድ ይመሰላል። የውጫሌ ሰው የሚያውቀው መንገድ ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ በኩል ወደ ውጫሌ ይመጣል፤ ከዚያም ወደ መርሳና ወደ ወልድያ ያልፋል። እንግዲህ ኮምፒዩተሩን ደሴ እንበለው፤ የመጀመሪያው ሞኒተር ሐይቅ፥ ሁለተኛው ውጫሌ፥ ሦስተኛው መርሳ ይሁን። ከኮምፒዩተሩ የሚወጣው ገመድ አንድ ብቻ ነው። የሦስቱም ሥዕል ባንድነት ተጭኖ ሐይቅ ይደርሳል፤ ሐይቅ የራሱን አስቀርቶ የቀረውን ለውጫሌ ያሳልፋል፤ ውጫሌም እንዲሁ ለመርሳ። መንገዱ ከሐይቅ ወዲያ ቢቈረጥ ውጫሌም መርሳም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ፥ ጥፋቱ ግን የነሱ አይደለም። ውጫሌ በርቶ መርሳ ብቻ ቢጨልም ደግሞ በመጀመሪያ የሚመረመረው በሁለቱ መካከል ያለው ገመድና የሁለቱ ጫፎች ሁኔታ ነው።

እንዲህ አድርጎ ማሳለፍ የሚችለው ዲስፕሌይፖርት የሚባለው መሰኪያ ነው። ቬሳ የተባለው ደንብ አውጪ ማኅበር በ2002 ዓ.ም. 1.2 በተባለው ደንቡ ኤም ኤስ ቲ የሚሉትን አሠራር ጨመረበት፤ ይኸውም ባንድ ገመድ የብዙ ሞኒተር ሥዕል ለያይቶ መላክ ነው። ኤችዲኤምአይና የቀድሞው ቪጂኤ ይህን አያደርጉም፤ ስለዚህ በነዚህ ገመዶች ሞኒተርን ከሞኒተር ለማያያዝ መድከም ከንቱ ነው። ከመጨረሻው በቀር እያንዳንዱ ሞኒተር ከጀርባው ዲስፕሌይፖርት መቀበያና ዲስፕሌይፖርት መስጫ ሊኖረው ይገባል። መስጫው «አውት» የሚል ጽሕፈት አለበት። ሁለቱ መሰኪያዎች ቅርጻቸው አንድ ስለ ሆነ መቀበያውን ከመስጫው አለዋውጦ መሰካት ቀላል ነው፤ ይህንንም በባትሪ ብርሃን ቀርቦ ማየት ነው።

ምርመራው እንዲህ ቢሆን መልካም ነው። መጀመሪያ ሰንሰለቱን ሁሉ ፈትቶ እያንዳንዱን ሞኒተር ለብቻው፥ በዚያው ባንድ ገመድ፥ ከኮምፒዩተሩ ጋራ ማያያዝ። ሁሉም በየተራቸው ከበሩ የተቃጠለ ሞኒተር የለም ማለት ነው፤ ወደ ደሴ የሚላክም የለም። ከዚያ በበራው ሞኒተር ላይ ገመዶቹን አንድ በአንድ መፈተን። ቀጥሎ መጀመሪያውን አስሮ ማየት፥ ሁለተኛውን ጨምሮ ማየት፥ እንዲህ እያሉ መሄድ ነው። ሦስቱን ባንድ ጊዜ አያይዞ «ለምን እንቢ አለ» ማለት ግን ጥፋቱን መልሶ መደበቅ ይሆናል።

ኮምፒዩተሩ ግራፊክስ ካርድ የተጨመረበት እንደ ሆነ ገመዱ በካርዱ መሰኪያ ላይ ይሁን፤ ካርድ ሲገባ ከዋናው ሰሌዳ የሚወጣው መሰኪያ ብዙ ጊዜ ሥራውን ይተዋልና። ደግሞም በብዙ ሞኒተሮች ኤም ኤስ ቲ ከፋብሪካ ሲወጣ ተዘግቶ ስለሚመጣ፥ በሞኒተሩ አዝራር ሜኑውን ከፍቶ ከመጨረሻው በቀር በሁሉም ላይ ማብራት፥ በመጨረሻው ላይ ግን መዝጋት ያስፈልጋል። ባንዳንዶቹ ሜኑ ስሙ ኤም ኤስ ቲ ሳይሆን «ዲፒ 1.2» ተብሎ ይገኛል። መብራት ሄዶ ከተመለሰ በኋላ የጨለመ ሰንሰለትም አለ፤ ለዚህ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ የሁሉንም የኤሌክትሪክ ገመድ ከሶኬት ነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ማቈየት፥ ከዚያም ሞኒተሮቹን በተራቸው፥ ኮምፒዩተሩን በመጨረሻ ማብራት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ኤሌክትሪክ ለመቈጠብ ሲል የመጀመሪያውን ሞኒተር ከሶኬት የነቀለ ልጅም ካለ፥ ወዲያ ያሉት ሁሉ አብረው መጨለማቸው ስለዚህ መሆኑን ማስረዳት ነው።

ሁሉ ነገር ተስተካክሎ ሁለተኛው እንቢ ሲል የመንገዱን ስፋት ማሰብ ይገባል። በ1.2 ደንብ መንገዱ በሰከንድ 17.28 ጊጋቢት ያሳልፋል። ስፋቱ 1920 በ1080 የሆነ፥ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ሞኒተር ከ3 ጊጋቢት ጥቂት ይበልጥ ይፈልጋል፤ 4ኬ የሚባለው ግን ከ12 በላይ ይበላል። ስለዚህ ከፊተኛው ዓይነት ሦስቱ ያለ ችግር ሲያልፉ፥ ከኋለኛው ሁለቱ በሙሉ ፍጥነታቸው አይችሉም። መታደሱን ከ60 ወደ 30 ያወረደ ሰው ሊያሳልፋቸው ይችላል፥ የማውሱ ቀስት ግን እየዘለለ ዓይን ያደክማል። እኛ እንደሚመስለን፥ ኮምፒዩተሩ ሁለት መስጫ ካለው ሁለት ሞኒተር ብቻ የሚያስፈልገው ቤት ሰንሰለቱን ትቶ እያንዳንዱን በየገመዱ ቢያገናኝ ይሻለዋል።

ሁለቱም በርተው አንድ ዓይነት ሥዕል ብቻ ቢያሳዩስ? ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚሁ በውጫሌ የተፈረመውን ውል የሚያጠና ተማሪ አንድ ሞኒተር ላይ የአማርኛውን፥ ሌላው ላይ የኢጣልያንኛውን 17ኛ ክፍል አኑሮ ማስተያየት ይፈልጋል፤ የአማርኛው የኢጣልያን መንግሥት ረዳትነት ለንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ሲተው የኢጣልያንኛው ግዴታ ያደርገዋልና፥ ልዩነቱ የሚታየው ጎን ለጎን ሲሆን ነው። በሁለቱም ላይ የአማርኛው ብቻ ቢመጣበት ሁለተኛው ሞኒተር ምን ይጠቅመዋል? በዊንዶውስ የዊንዶውስን ምልክት ያለበትን ቍልፍና «ፒ»ን ባንድነት ተጭኖ ከሚመጡት ምርጫዎች «ኤክስቴንድ» የሚለውን መምረጥ ነው። በአፕል ማክ ግን የማክ ኦኤስ ሥርዓት በኤም ኤስ ቲ የተለያየ ሥዕል ስለማያሳይ፥ በዚህ መንገድ የተያያዙት ሞኒተሮች አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆነው ይቀራሉ፤ የዚህ ባለቤት ገመዱን በመለወጥ አይድከም፥ ለእያንዳንዱ ሞኒተር ከኮምፒዩተሩ ለብቻው ገመድ ያውጣ።

ሰንሰለቱ በሠራ ቀን በየገመዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ፕላስተር ለጥፎ 1፥ 2፥ 3 ብሎ መጻፍ፥ ቤት ሲጠረግና ጠረጴዛ ሲነሣ የሚመጣውን ድካም ያስቀራል።