ዝማሬው ተመለሰ፤ ማዕዱስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላትና ምእመናን፤ የ2012 ዓ.ም. ትንሣኤን ታስታውሳላችሁ? ሚያዝያ 11 ቀን ነበር። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ብዙዎቻችን ከቅጽሩ ርቀን፣ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን እየተከታተልን በየቤታችን አከበርነው። «ቤተ ክርስቲያን ናፈቀችን» ብለን አለቀስን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደጁ ተከፍቶ ተመለስን። ከበሮው ተመታ፤ የደንብ ልብሱ ተለበሰ፤ ጉባኤው ቀጠለ። ስለዚህም «ሁሉም እንደ ቀድሞው ሆነ» እንላለን።

እኔ ግን አልሆነም እላለሁ። ዝማሬው ተመለሰ፤ ማዕዱ አልተመለሰም።

ማስረጃው ከደጃችን ነው። የቢቸና ሰዎች የዲማ ጊዮርጊስ ጎረቤቶች ነን። ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው አድባራት አንዱ የሆነው ዲማ፣ እንደ ደብረ ወርቅና እንደ መርጡለ ማርያም ሁሉ፣ ሊቃውንትን ያፈራው በበጀት አይደለም። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለውን ተማሪ የሀገሩ ሰው በቁራሽ ስለመገበው ነው። ቅኔው፣ ዜማውና ትርጓሜው ከእናቶቻችን ሌማት ጋር የተሳሰረ ነው። ወረርሽኙ በር ባዘጋ ጊዜ እኛ ጉባኤ አጣን፤ የቆሎ ተማሪው ግን እራቱንም አጣ።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት በተቀመጥሁበት በዚያ ወራት፣ የተማሪውን ድምፅ ከአጥር ውጭ ሰምቼ ዝም ያልሁባቸው ቀናት ነበሩ። ያን ጊዜ ምክንያቴ በሽታው ነበር። በሽታው ካለፈ በኋላም ዝም ስል ራሴን አገኘሁት። ፍርሃቱ ሄዶ ልማዱ ቀረ። ዛሬም ብዙዎቻችን የቆርቆሮ በራችንን ሳንከፍት ከውስጥ ሆነን «እግዜር ይስጥህ» እንላለን። የእግዚአብሔርን ስም የምንጠራው ላለመስጠት ሆነ!

«ዘመኑ ክፉ ነው፤ የማናውቀውን ሰው እንዴት እናስገባ?» የሚል አለ። ይህን ስጋት አልንቀውም። መሽቶበት «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ያለውን ሁሉ ተቀብለው እግሩን ያጠቡ አባቶቻችን ግን ክፉ ዘመን ሳያዩ ቀርተው አይደለም። ደግሞም ለአንድ ቤት የሚከብደው ለማኅበር አይከብድም። ቤታችን ማስገባት ብንፈራ፣ ማዕዱን ወደ ጎጇቸው ይዘን መሄድ ማን ከለከለን?

ሌላው «የእኛ አገልግሎት መዝሙር ነው» ይላል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ያንብብ። ሰባቱ ዲያቆናት የተሾሙት በኢየሩሳሌም ማኅበር መበለቶች ከዕለት ምግባቸው ስለተዘነጉ ነው። ቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስ እንኳ አስቀድሞ የተመረጠው ለማዕድ ነበር። እንግዲህ እኔ ዲያቆን ተብዬ፣ ከመቅደስ ስወጣ በደጀ ሰላሙ የተቀመጠውን ርኁብ ካላየሁ፣ የያዝሁት ስሙን እንጂ ሥራውን አይደለም። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 እንደ ነገረን፣ በፍርድ ቀን የሚጠይቀን ስለ እንግዳው፣ ስለ ተራበውና ስለ ታረዘው ነው፤ ስላጠናነው መዝሙር ብዛት አይደለም።

ስለዚህ በየሰንበቱ ተራ ገብተን፣ ከየቤታችን እንጀራና ወጥ አዋጥተን ለአብነት ተማሪዎች እናድርስ። የጽዋ ማኅበሮቻችን ዝክር ሲዘክሩ የተማሪውን ድርሻ ከሁሉ በፊት ያንሡለት፤ ትራፊ አይጠብቅ። ለአዲስ የደንብ ልብስ ከማዋጣታችን በፊት ደበሎው ያለቀበት ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ። በመካከላችን ለአዲስ መጤ ሰላምታ የሚሰጥ፣ ማደሪያውን የሚጠይቅ ሰው ይመደብ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በዚያ ትንሣኤ ከተዘጋ ደጅ ውጭ መቆም ምን እንደሚመስል ቀምሰናል። ይህን የቀመሰ ሰው በሩን በወንድሙ ላይ እንዴት ይዘጋል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።