ስለ ጋሞ ሕፃናት፤ ቤተ ሰብን ሳይፈርስ ስለ መርዳት

የአገራችን ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. በ34ኛው አንቀጽ ላይ ቤተ ሰብ የኅብረተ ሰብ መሠረት መሆኑን፥ ከሕዝብም ከመንግሥትም ጥበቃ የሚገባው መሆኑን ደንግጓል። ነገሩ መልካም ነው፤ የሚነቅፈውም የለም። ዳሩ ግን ይህ ጥበቃ ከመቼ ይጀምራል? ቤቱ ቆሞ ሳለ ነውን? ወይስ ከፈረሰ በኋላ? ክርክራችን በዚህ ላይ ነው፤ ምስክራችንም የጋሞ ደጋ ነው።

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻና ወደ ዶርዜ የወጣ ሰው እንደሚያውቀው፥ በዚያ አገር መሬቱ ጠባብ፥ ሕዝቡ ብዙ፥ ኑሮውም በጓሮ እንሰት ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ የጋሞ ወንድ ሸማኔነትን ሁለተኛ እርሻው አድርጎ ወደ አዲስ አበባ እየሄደ በሽሮ ሜዳና በጉለሌ ይሠራል፤ ሚስቱም እንሰቷን እየፋቀች፥ ጥጧን እየፈተለች ከልጆቿ ጋራ ትቀራለች። ይህ አያስነውርም፤ በእጅ ጥበብ ማደር ክብር ነውና። የሚያስነውረው ሕፃኑ አባቱን የሚከተልበት መንገድ ነው። ለመስቀል ወደ አገሩ የገባ ዘመድ ወይም ደላላ፥ «ልጅሽን ስጪኝ፤ አስተምርልሻለሁ፥ ሙያም አስይዝልሻለሁ» ብሎ ይወስደዋል። ሕፃኑም ፊደል በሚቈጥርበት ዕድሜ ከሸማኔ ጉድጓድ ገብቶ ከማለዳ እስከ ሌሊት መወርወሪያ ሲወረውር ይኖራል፤ የድካሙም ዋጋ ለጌታው ይሆናል። ነገሩ ከባሕር ማዶ እንኳ ተሰምቶ፥ የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር ሕፃናት በግድ የሚሠሩባቸውን ሸቀጦች በሚዘረዝርበት መዝገብ ውስጥ የኢትዮጵያን የእጅ ሸማ ጽፎታል።

አንዳንዶች፥ «ልጅ የአባቱን ሙያ ቢማር ምን ክፋት አለው?» ይላሉ። በአባቱ አጠገብ ተቀምጦ ማግ የሚያቀብል ልጅ በእውነት ሙያ ይማራል። እናቱ ያለበትን ስፍራ የማታውቅ፥ የሠራበትን ዋጋ በእጁ የማይቈጥር ልጅ ግን ተማሪ አይባልም። ተማሪ ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ለዚህ ግን የሚመለስበት ቤት የለውም።

ሌሎችም፥ «ሕግ አለ፤ ደላላውን ይቅጣው፥ ይበቃል» ይላሉ። ሕጉስ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሠራተኛ አዋጅ ከ15 ዓመት በታች የሆነውን ልጅ መቅጠር ከልክሏል፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣውም አዋጅ በሰው የሚነግደውን በብርቱ ይቀጣል። ነገር ግን ሕጉ የሚይዘው የወሰደውን እጅ ነው፤ የሰጠው እጅ ስለ ምን እንደ ሰጠ አይጠይቅም። ደላላው ታሥሮ ቤቱ እንደ ተራበ ከቀረ፥ ለከርሞ መስቀል ሌላ ደላላ ይመጣል። ከመናኸሪያ ተይዞ ወደ ጨንቻ የተላከውም ሕፃን ወዳስወጣው ችግር ተመለሰ እንጂ ወደ ቤቱ ተመለሰ አይባልም።

ሦስተኞቹ ደግሞ፥ «የቤት ነገር የባለቤቱ ነው፤ መንግሥትን በማጀት ምን አገባው?» ባዮች ናቸው። የእነዚህ መልስ በሕጋችን ውስጥ ይገኛል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌደራል የቤተ ሰብ ሕግ፥ ባልና ሚስት ሊፋቱ በቀረቡ ጊዜ ዳኛው ራሳቸው ወደ መረጧቸው ሽማግሎች እንዲመራቸው፥ ይህም ባይሆን እስከ 3 ወር የማሰላሰያ ጊዜ እንዲሰጣቸው ፈቅዷል። ባልና ሚስት እንዳይለያዩ ሽማግሌና ጊዜ የሰጠ መንግሥት፥ እናትና ልጅ እንዳይለያዩ ሽማግሌና እህል ቢሰጥ ማጀት ገባ ይባላልን?

መሣሪያውም በእጃችን አለ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት፥ ጉልበት ያለውን ደኻ በሕዝብ ሥራ እያሠራ፥ ጉልበት የሌለውን ያለ ሥራ ይረዳል፤ ነፍሰ ጡሯንም ከሥራው ያሳርፋታል። እንግዲህ ቀበሌው ተረጂ ሲመርጥ አባወራው ርቆ የሄደበትን፥ ሕፃናት ያሉበትን ቤት አስቀድሞ ይቍጠር። እንደዚሁም ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የልደት ምዝገባ በአገሩ ሁሉ ተጀምሯል። ልደቱ ያልተመዘገበ ልጅ በዳኛ ፊት ቢቆም፥ ጌታው «16 ዓመቱ ነው» ሲል በምን ይረታዋል? በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ለቤተ ሰብ አስባለሁ የሚል ከሆነ፥ ሥራውን ከዚህ ይጀምር።

ከሁሉ ይልቅ ጋሞ ዱቡሻ አለው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በደረሰው ግድያ የተቈጣው ወጣት በአርባ ምንጭ ለበቀል በተነሣ ጊዜ፥ ሽማግሎቹ እርጥብ ሣር ይዘው በፊቱ ተንበረከኩ፤ ቍጣውም ተመለሰ። በዚያን ጊዜ ሁላችን አመሰገንናቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን ለበዓል ቀን እንግዳ መቀበያ ብቻ አደረግናቸው። ያን ሁሉ ሕዝብ የመለሰ ሣር አንድ ደላላ መመለስ ያቅተዋልን? በጋሞ ወግ ከነውር ሁሉ የሚፈራው ጎሜ ነው። ሕፃንን ለሰው ጉድጓድ አሳልፎ መስጠት ጎሜ መሆኑን ዱቡሻው ቢፈርድ፥ ቀበሌውም በዚያው ቀን ለተቸገረው ቤት እህሉን ቢያደርስ፥ ሽማግሌው ልብን፥ መንግሥት ሆድን ይዘው ቤቱን ባቆሙት ነበር። እህል የሌለበት ተግሣጽ ደኻን ማስጨነቅ ነው፤ ተግሣጽ የሌለበትም እህል ደላላውን አይመልስም።

እናንተ ካህናትና የከተማ ሰዎች ሆይ፥ ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ አይምሰላችሁ። በጥምቀትና በፋሲካ የምንለብሰው ነጭ ሸማ ከዚያው ጉድጓድ ይወጣል። ስንገዛ ጥለቱን አገላብጠን እናያለን፥ ዋጋውንም እንከራከራለን፤ ማን እንደ ሠራው ግን አንጠይቅም። ጥያቄው ብር አያስወጣም፤ ገዢ ሁሉ ቢጠይቅ ግን ሕፃን የሚያሠራው ጌታ ገበያ ያጣል። መንግሥትን፥ «ቤቱን ሳይፈርስ ድረስለት» እንደምንለው ሁሉ፥ እኛም ልብሳችንን ሳንለብሰው እንጠይቅ።