አሳማው የሚፈራው ጥይቱን ነው ወይስ ተኳሹን?

እንደሚታወቀው በእኛ ትምህርት ክፍል ስለ ሰብል ተባይ ሲነሳ ቶሎ ወደ አእምሮአችን የሚመጣው ነቀዝ፣ ተምችና አገዳ ቆርቁር ነው። ለእነዚህ ኮርስ አለን፣ ላብራቶሪ አለን፣ ፈተናም እንፈተንባቸዋለን። የኢሉባቦር ገበሬ ግን በቆሎህን ማን በላብህ ተብሎ ቢጠየቅ መጀመሪያ የሚጠራው ባለ አራት እግሩን ነው። እሱም የዱር አሳማ፣ በኦሮምኛ ቦዬ የሚባለው ነው። ስለ እሱ በክፍል ውስጥ አንድ ገጽ ኖት የጻፍኩበትን ቀን አላስታውስም። ለዛሬ ብዕሬን ያነሳሁትም በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው።

እኔ ያደግኩት ሁሩሙ አካባቢ ነው። ሁሩሙ ከበደሌ ወደ መቱ ሲኬድ ከያዮ ቀጥሎ የምትገኝ ወረዳ ናት። በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የያዮ የቡና ደን ባዮስፌር ሪዘርቭ ከሚያካትታቸው ስድስት ወረዳዎችም አንዷ ናት። ሪዘርቩ በጠቅላላው 167,021 ሄክታር ሲሆን፣ ምንም የማይነካው ማዕከላዊ ክፍል፣ በዙሪያው ያለው መከላከያ ክፍልና ሰው እያረሰ የሚኖርበት የሽግግር ክፍል ተብሎ ተከፍሏል። ደኑ ኩራታችን ነው። ይሁን እንጂ የበቆሎው ማሳና ደኑ አጥር ለአጥር ናቸው፤ አሳማው ቀን ደን ውስጥ ተኝቶ ይውላል፣ ሌሊት ደግሞ ለራት ወደ እኛ ይወርዳል።

በቆሎው እሸት የሚይዘው ነሐሴና መስከረም ላይ ነው። ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሌሊት አሳማና ጃርት እየተፈራረቁ ይመጣሉ። ገበሬው ማማ ላይ ወጥቶ፣ እሳት አንድዶ፣ ጅራፍ እያጮኸ ያድራል። ልጅ ያለው ልጁን ያሳድራል። መስከረም ደግሞ ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ወር ነው። ሌሊቱን ማማ ላይ ያደረ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ጠዋት ክፍል ገብቶ ቢያንጎላጅ ምን ይገርማል? አንዳንዱ ልጅ የሚመዘገበው መስከረም፣ ክፍል ውስጥ የሚታየው ግን በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ ነው። እንግዲህ የአሳማ ነገር የኩንታል ጉዳይ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ታዲያ በየመንደሩ ሰው ሲሰበሰብ የሚሰማው መፍትሔ አንድ ነው፤ «መሣሪያ ያለው ይውጣና ይልቀመው!» እኔ አሳማ በጠመንጃ መታደኑን በጅምላ የምቃወም ሰው አይደለሁም። የእኔ ጥያቄ ማን ነው የሚተኩሰው፣ መቼና እንዴት የሚለው ነው። አቋሜን ባጭሩ ልንገራችሁ፦ አንድ ቀበሌ ኢላማ ያልተማሩ ሃምሳ ባለጠመንጃዎች ከሚኖሩት በደንብ የሠለጠኑ አምስት ቢኖሩት ይሻለዋል።

በመጀመሪያ አሳማውን እንወቀው። የዱር አሳማ ጀርባው ላይ ረጅም ጸጉር አለው፤ ሲደነግጥ ያቆመዋል፣ ከቁመቱም በላይ ትልቅ መስሎ ይታያል። ልቡ ያለው ግን ዝቅ ብሎ፣ ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ከደረቱ ከፍታ በታችኛው ሲሶ ላይ ነው። ያልተማረ ተኳሽ የሚያየውን ሁሉ አካል አድርጎ መሐሉን ሲያነጣጥር ጥይቱ ከልቡ በላይ ያልፋል። አሳማው ቆስሎ ደን ይገባል። እዚህ ላይ ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ በእኛ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአብዛኛው የአሳማ ሥጋ አይበላም። ስለዚህ አደኑ ለሥጋ ሳይሆን ለሰብል ተብሎ የሚደረግ ነው። ቆስሎ ያመለጠ አሳማ እንስሳውን ከማሰቃየቱም በላይ ጧት ቡና ለመልቀም ደን ለምትገባ እናት አደጋ ነው። የቆሰለ አሳማ በክራንቻው ምን እንደሚያደርግ የአገሩ ሰው ያውቀዋል።

ሁለተኛው ሩጫ ላይ መተኮስ ነው። እስቲ ፊዚክሳችንን እናስታውስ። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዙ የሚወጣው በሰከንድ 700 ሜትር ገደማ ፍጥነት ነው። 100 ሜትር ለመድረስ ወደ 0.15 ሰከንድ ይፈጅበታል። አሳማው በሰከንድ 10 ሜትር ቢሮጥ በዚህች ቅጽበት 1.5 ሜትር ተንቀሳቅሷል፤ ይህ ከራሱ የሰውነት ርዝመት በላይ ነው። እንግዲህ የሚሮጥ አሳማ ላይ አነጣጥሮ የተኮሰ ሰው የተኮሰው አሳማው በነበረበት ቦታ ላይ ነው ማለት ነው። ቆሞ እስኪያሽት ድረስ መታገስም የተኩስ ትምህርት አካል ነው።

ሦስተኛው የእጅ ነገር ነው። ጎበዝ ተኳሽ ሲወለድ ጎበዝ ነው የሚባል ወሬ አለ። አይደለም፤ ልምምድ ነው። ጥይት ሳያባክኑም መለማመድ ይቻላል። መሣሪያው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጦ፣ ሰደፉን ትከሻ ውስጥ አጥብቆ፣ ክንድን ጉልበት ላይ ወይም አፈር በሞላ ከረጢት ላይ አስደግፎ ማነጣጠር ነው። አፈሙዙ አጠገብ ሳንቲም ተቀምጦ ምላጩ ሲሳብ ካልወደቀ እጅ ረጋ ማለት ነው። ትንፋሽን ግማሽ አውጥቶ ያዝ ማድረግ፣ ምላጩን በጣት ጫፍ ቀስ ብሎ መጭመቅ እንጂ አለመንጠቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በተፈቀደ ቦታ፣ ኃላፊ ባለበት፣ 50 ሜትር ላይ ካርቶን አቁሞ ሦስት ጥይት መሞከር ነው። ሦስቱ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ካረፉ ጥሩ ነው። ግን ያው ስህተት 100 ሜትር ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ሰውየው የራሱን ርቀት አውቆ ከዚያ በላይ አለመተኮስ አለበት።

አራተኛውና ዋናው ከአሳማው ኋላ ያለው ነገር ነው። የበቆሎ አገዳ ጥይት አያቆምም። የጠመንጃ ጥይት ከፍ ተደርጎ ከተተኮሰ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በሁሩሙ ደግሞ ከአንዱ ማሳ ጀርባ የሌላው ጎጆ፣ ወይም የሌላው ልጅ ማማ አለ። ከኋላ የአፈር ዳገት ከሌለ ምላጭ መሳብ የለበትም። በሌሊትማ ጭራሽ! ጨለማ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው አሳማ ይሁን ጎረቤት በምን ይታወቃል? በዚህ ጊዜ ደግሞ ሌሊት ተኩስ ሲሰማ መንደሩ «አሳማ ነው» ብሎ ተመልሶ አይተኛም።

«ባይመታም እኮ ያስፈራራዋል» የሚሉኝ አሉ። ድምፅ ለአንድ ሰሞን ያስፈራል፤ ምንም እንደማይከተለው ሲያውቅ ተመልሶ ይመጣል። በአሜሪካ የሚዙሪ ክፍለ ግዛት የጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2016 እ.ኤ.አ. በሚያስተዳድራቸው መሬቶች ላይ ሰው በየግሉ አሳማ እንዳያድን ከልክሏል። ምክንያቱም አንዱ ሲመታ መንጋው ተበትኖ ወደ ሌላ ቦታ ስለሚዛመት ነው፤ በምትኩ መንጋውን በሙሉ በወጥመድ መያዝን መርጠዋል። እርግጥ የእነሱ አሳማ መጤ ነው፣ ዓላማቸውም ማጥፋት ነው። የእኛው ግን የደኑ ተወላጅ፣ የነብርም ምግብ ነው። እኛ የምንፈልገው ከማሳው እንዲርቅልን እንጂ ዘሩ እንዲጠፋ አይደለም። ቢሆንም ከእነሱ የምንማረው ዝም ብሎ መተኮስ ችግሩን ከእኔ ማሳ ወደ አንተ ማሳ ሊያዛውረው እንደሚችል ነው።

ሕጉም አለ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ፈቃድ ማግኘት ግን አንድ ነገር ነው፣ መቻል ሌላ።

በበኩሌ ለዲፓርትመንታችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለተግባር ልምምድ ወደ ገጠር ስንወጣ አሳማ የጎዳውን ማሳ በሜትር እየለካን፣ መንጋው የሚገባበትን ዱካ በካርታ እናስቀምጥ። ገበሬው የማሳውን ዳር ቁጥቋጦ እንዲመነጥር፣ ጎረቤታሞች በአንድ ሰሞን እንዲዘሩና ጥበቃውን አዋቂዎች በተራ እንዲይዙት እንምከር። አደን የግድ ሲሆን ወረዳው ፈቃድ ያላቸውን ጥቂት ሰዎች መርጦ፣ ከላይ ያልኳቸውን አስተምሮና ፈትኖ፣ በቀን ብርሃንና ከማዕከላዊው ደን ውጪ ያሰማራ። ካርቶኑን ያልመታ አሳማ ላይ አይተኩስ። ሥራው ተሳክቷል የምንለውም በወደቀው አሳማ ብዛት ሳይሆን በመስከረም ክፍል በተገኙት ልጆች ቁጥር ይሁን።

የምትቃወሙኝ ካላችሁ በሚቀጥለው እትም መልሳችሁን ለማንበብ ዝግጁ ነኝ። ቸር ይግጠመን!